ብርሃንም ይሰፈራል፤ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ፍጆታና ስለ ወር ሒሳቡ አገማመት

ሰው የሚገዛውን ነገር ሁሉ ሰፍሮ ወይም መዝኖ ይገዛል። ጤፉን በኪሎ፥ ቅቤውን በሚዛን፥ ጨርቁን በሜትር፥ ላምባውን በሊትር ይቀበላል፤ ሻጩ ቢያጐድልበትም ዐይኑ እያየ ስለ ሆነ ወዲያው ይከራከራል። ኤሌክትሪክ ግን ወደ ቤታችን ሲገባ ድምፅ የለውም፥ ሽታ የለውም፥ በሚዛን የምናነሣው ክብደትም የለውም። ቀንና ሌሊት ሳናየው ይገባል፤ ስንት እንደ ገባም የምናውቀው ወሩ አልቆ ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ይህን ሒሳብ እንደ ዝናብና እንደ በረዶ ከላይ የሚወርድ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። ሲበዛ ያጕረመርማል፥ ሲያንስ ደስ ይለዋል፤ ለምን እንደ በዛና ለምን እንዳነሰ ግን አይመረምርም።

አለመመርመሩ የራሱን ኪስ ብቻ የሚጐዳ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለየባለቤቱ ትተን ባለፍን ነበር። ነገር ግን በከተሞቻችን በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ቤተሰብ በአንድ ቈጣሪ ሲጠቀም ይኖራል፤ ወር በመጣ ቍጥርም የሒሳቡ ወረቀት ሲደርስ ገንዘቡን በየቤቱ እኩል ያካፍሉታል። እኩል መካፈል ፍርድ ይመስላል፤ ተመርምሮ ሲታይ ግን አንዱ የሌላውን ዕዳ ሳያውቅ የሚከፍልበት፥ ሌላውም ሳያውቅ የባልንጀራውን ገንዘብ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የኤሌክትሪክን ፍጆታ መገመት የመሐንዲስ ብቻ ሥራ አለመሆኑን፥ መደመርና ማባዛት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊያደርገው እንደሚችል፥ ካደረገውም በጎረቤቶች መካከል ፍርድ እንደሚቀና ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ሁለት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ እነርሱም ዋትና ኪሎዋት ሰዓት ናቸው። ዋት የተባለው መለኪያ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከጄምስ ዋት ነው። ትርጕሙን በምሳሌ ብንናገር፥ ከምንጭ ውሃ የሚቀዳ ሰው ሁለት ነገር ይመለከታል። አንደኛው የምንጩ አወራረድ፥ ማለት ፈጣን ወይም ቀጭን መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው በእንስራው የተጠራቀመው ውሃ ብዛት ነው። ዋት እንደ ምንጩ አወራረድ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ግን በእንስራው እንደ ተጠራቀመው ውሃ ነው። ቀጭን ምንጭ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ካደረ ጋን ይሞላል፤ ኀይለኛ ምንጭም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ወርዶ ከቆመ ከጋኑ ግማሽ አይደርስም። እንዲሁም ሒሳብ የሚከፈለው በዋቱ ታላቅነት ብቻ ሳይሆን ዕቃው በሠራበት ሰዓት ርዝመት ጭምር ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ይባላል፤ 100 ዋት የሚወስደውም ዐሥር ሰዓት ቢሠራ ያንኑ ያህል ይፈጃል።

ብርሃንን ሰፍሮ መሸጥ ለጀመሩትም ሰዎች ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1882 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ ፐርል በተባለው መንገድ ላይ ማመንጫ አቁሞ ለደንበኞች መብራት መስጠት በጀመረ ጊዜ የተጠቀመበት ቈጣሪ በመስታወት ዕቃ ውስጥ፥ የዚንክ ማዕድን በሟሟበት ውሃ የተነከረ የዚንክ ሰሌዳ ነበር። ኤሌክትሪኩ ባለፈ መጠን ዚንኩ ከአንዱ ሰሌዳ እየለቀቀ ወደ ሌላው ይሄዳል። ወሩ ሲያልቅ የኩባንያው ሠራተኛ ሰሌዳዎቹን አውጥቶ በሚዛን ይመዝናቸውና በክብደቱ ለውጥ ሒሳቡን ያወጣል። ብርሃን በእውነት በሚዛን የተመዘነበት ጊዜ ይህ ነበር። ደንበኛው ግን የሚዛኑን ቍጥር የሚያይበት መንገድ ስላልነበረው የሚነገረውን ከማመን በቀር ምርጫ አልነበረውም። በኋላ በ1889 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ ክብ ብረት እየዞረ የሚቈጥርበትን መሣሪያ ሠራ፤ ከዚያም ወዲህ ቈጣሪው ቍጥሩን በፊቱ ይዞ በየሰው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ የጥንቱ ደንበኛ አላየሁም ቢል እውነት ነበረው፤ የዛሬው ግን ቍጥሩ በዐይኑ ፊት ተጽፎለት አላየሁም ቢል ጥፋቱ የራሱ ነው።

አሁን ወደ አገማመቱ እንመለስ። ሥርዐቱ አጭር ነው፦ የዕቃውን ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዛ፤ የተገኘውን በ1,000 አካፍል፤ እንደ ገና በወሩ ውስጥ በሚሠራባቸው ቀኖች ቍጥር አባዛ፤ ያን ጊዜ የወሩ ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። ይህንንም በአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ብታባዛው ገንዘቡ ይታወቃል። የዕቃው ዋት በጀርባው ወይም በግርጌው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በዋት ፈንታ አምፔር ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፥ በአገራችን ለቤት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ አምፔሩን በ220 ማባዛት ወደ ዋቱ ያደርሳል።

በዚህ ሥርዐት የቤታችንን ዕቃዎች አንድ ባንድ እንመርምር። 9 ዋት የሚወስድ አዲሱ ዓይነት አምፖል በየሌሊቱ 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን የሚፈጀው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በውስጡ ሽቦ ያለው የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል ግን በዚያው ሰዓት 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የእጅ ስልክ በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢሞላ በወር ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። 60 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 1,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 67.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል ስለሚወስድ ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ብዙ ይበላል፥ ብርሃንና ድምፅ የሚሰጥ ግን ጥቂት ይበላል ማለት ነው። ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው 9 ዋት የሚወስደው አምፖል በየሌሊቱ 5 ሰዓት እየበራ ከሁለት ወር ተኩል በላይ የሚፈጀውን ያህል ነው። በየቤታችን ግን የምንሰማው ቍጣ የተገላቢጦሽ ነው። አባት ልጁን መብራት አጥፋ እያለ ሲገሥጸው ያመሻል፤ አከራዩም የተከራዩን ስልክ ሲሞላ ባየ ጊዜ ፊቱን ያጠቍራል፤ የውሃ ማሞቂያው ግን ማንም ሳይጠራው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። መብራትን ማጥፋት መልካም ልማድ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ትንኙን አጥርቶ ዝሆኑን የሚያሳልፍ ቍጠባ ቍጠባ አይባልም።

ሲገመት መጠንቀቅ የሚያስፈልጋቸው ዕቃዎችም አሉ። ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ቢውልም ሞተሩ ይነሣል፥ ደግሞ ያርፋል፤ ስለዚህ በጽሑፉ ላይ ያለውን ዋት በ24 ሰዓት ያባዛ ሰው ከእውነቱ አብልጦ ይገምታል። ለአንድ መካከለኛ የቤት ማቀዝቀዣ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል መያዝ ከእውነቱ ብዙ አያርቅም። ካውያም እንዲሁ ሲግል ይቋረጣል፥ ሲበርድ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሠራበትን ሰዓት ግማሽ መያዝ ይበቃል። የውሃ ማሞቂያ ግን በሰዓት ሳይሆን በውሃው ብዛት ቢገመት ይሻላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ እንግዲህ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህ በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ቢደረግ የወሩ ድምር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪኩ ጕልበት በሚደክምበት ሰዓትም ምጣድና ምድጃ በሰዓት የሚወስዱት ያንሳል፤ ቮልቱ ከ220 ወደ 200 ቢወርድ ኀይሉ በመቶ 17 ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን መጋገሩ ስለሚዘገይ ከዚህ የሚገኝ ትርፍ የለም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ይህ ሁሉ ቍጥር አድካሚ ነው ይሉ ይሆናል። ለእነርሱ የምንመልሰው ከዚህ የከበደ ሒሳብ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እጅ እንደሚገኝ ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህር የ2018 ዓ.ም.ን በዓላት ለማውጣት ሲነሡ 5,500ን ደምረው ዓመተ ዓለሙን 7,518 ይላሉ፤ በ19 ገድፈው 13 ያስቀራሉ፤ አንድ አጕድለው ወንበሩን 12 ያደርጋሉ። 12ን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ 12ን በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉ ደግሞ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ከዚያም ሁለቱን ይደምራሉ፤ 12ና 18 ሲደመሩ 30 ነው። ድምሩ 30 ባይመጣ ሒሳቡ እንደ ተሳሳተ ዐውቀው እንደ ገና ይጀምራሉ። የዚህ ጥበብ ክብሩ ማባዛቱና መግደፉ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የሚመረምርበትን ምስክር በውስጡ መያዙ ነው።

የኤሌክትሪክ ግምትም እንዲህ ያለ ምስክር አለው፤ ምስክሩም ቈጣሪው ነው። በወሩ መባቻ የቈጣሪውን ቍጥር ጽፎ መያዝ፥ በወሩ ፍጻሜም እንደ ገና ጽፎ የፊተኛውን ከኋለኛው መቀነስ ይገባል። የተገኘው ልዩነት በእውነት የተፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዕቃ በዕቃ የገመትነው ድምር ከዚህ ጋራ ከመቶ ዐሥር በማይበልጥ ልዩነት ከተቀራረበ ግምታችን መልካም ነው፤ በጣም ከራቀ ግን የረሳነው ዕቃ አለ፥ ወይም ሰዓቱን ዋሽተናል፥ ወይም ከሽቦው ላይ ሌላ ሰው ይጠቀማል፥ ወይም ሽቦው ተጐድቶ ወደ መሬት ይፈስሳል። ይህን ለመለየት በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶና ነቅሎ ቈጣሪውን መመልከት ነው፤ ሁሉ ጠፍቶ እያለ ቈጣሪው መቍጠሩን ካላቆመ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

ዕቃው ስንት ዋት እንደሚወስድ የሚናገረው ጽሑፍ የጠፋበት ሰውም ቢሆን መንገድ አለው። በአዲሱ ዓይነት ቈጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ በአጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል፥ ለምሳሌ 1,600 ተብሎ ተጽፏል። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ ምጣዱን ብቻ እያበሩ በሰዓት ቈጠራ አንድ ደቂቃ ቢጠብቁና ብልጭታው 93 ጊዜ ቢሆን፥ 93ን በ60 አባዝቶ በ1,600 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 3.49 ይሆናል። እንግዲህ ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል መውሰዱ በምስክር ተረጋገጠ ማለት ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወደ አነሣነው ወደ ፍርዱ ነገር እንድረስ። አራት ቤተሰብ በአንድ ቈጣሪ የሚጠቀምበትን ግቢ በልባችን እናስብ። በፊተኛው ቤት የግቢው ባለቤት ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ይጋገርላቸዋል፤ ማቀዝቀዣ፥ የውሃ ማሞቂያ፥ ቴሌቪዥን፥ ካውያና አራት አምፖል አላቸው። በሁለተኛው ቤት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሚስቱና ከልጁ ጋራ ይኖራል፤ ምድጃ፥ ማቀዝቀዣ፥ ቴሌቪዥን፥ ካውያና ሦስት አምፖል አለው። በሦስተኛው ቤት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወይዘሮ አሉ፤ በወር 20 ቀን፥ በየቀኑም 3 ሰዓት ምጣዳቸው ይነዳል። በአራተኛው ክፍል አንድ መሪጌታ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ለንባብ የሚያበሩት አንድ አምፖል፥ በደጃቸው የሚያድር ሌላ አምፖል፥ ራዲዮና ስልክ ብቻ አላቸው።

በላይ በተናገርነው ሥርዐት ብንቈጥር የባለቤቱ ቤት 111፥ የመንግሥት ሠራተኛው 112፥ የወይዘሮዋ 213፥ የመሪጌታው 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ድምሩም 443 ነው። ቈጣሪው 460 ቢል የሁለቱ ልዩነት ከመቶ አራት እንኳ ስለማይሞላ ግምቱ የታመነ ነው። ለአቈጣጠር እንዲመች ብቻ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ነው ብለን ብንይዝ የወሩ ሒሳብ 2,300 ብር ይሆናል። በልማዱ መሠረት ለአራት ሲካፈል በየቤቱ 575 ብር ይደርሳል።

በተፈጀው መጠን ቢካፈል ግን ምን እንደሚሆን እንመልከት። ባለቤቱ 576 ብር፥ የመንግሥት ሠራተኛው 582 ብር፥ ወይዘሮዋ 1,106 ብር፥ መሪጌታው 36 ብር ሊከፍሉ ይገባ ነበር። እንግዲህ መሪጌታው 36 ብር በመክፈል ፈንታ 575 ብር ይከፍላሉ፤ ሳያውቁትም በየወሩ ከ530 ብር በላይ የሌላ ሰው የምጣድ ዋጋ ይሸከማሉ ማለት ነው።

በዚህ ቍጥር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ባለቤቱና የመንግሥት ሠራተኛው በአሮጌው ልማድም ሆነ በአዲሱ ሒሳብ የሚከፍሉት ገንዘብ ከሞላ ጐደል አንድ ነው። በግቢው ሽማግሌ ሆነው የሚፈርዱት ደግሞ እነርሱ ናቸው፤ አንዱ ባለቤት ነው፥ ሁለተኛው የተማረ ነውና። መሪጌታው ሒሳቡ በዛብኝ ብለው ቢናገሩ፥ እነዚህ ሁለቱ እኛም ያንኑ እንከፍላለን፥ ምን በደል አለበት ብለው ይመልሷቸዋል። ሐሰት አልተናገሩም፤ ነገር ግን በደሉ የእነርሱን ቤት ዘልሎ ስለሚያልፍ አይታያቸውም። በትልቁም በትንሹም ነገር ዳኛ የሆነ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው፤ ራሱን ያልነካው ጉዳት የሌለ ይመስለዋልና። ከዚህ ዕውርነት የሚያድነው ደግሞ የልብ ቅንነት ብቻ አይደለም፤ ቈጥሮ ማወቅ ነው።

ሌላም የተሰወረ ጉዳት አለ። የቤት ኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ጥቂት የሚፈጅ ቤት በርካሽ፥ ብዙ የሚፈጅም በውድ እንዲከፍል ተደርጎ የተሠራ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ዋጋ ለአንዱ 27 ሳንቲም ያህል ሲሆን፥ ከ500 በላይ ለሆነው የተወሰነው ዋጋ በአራተኛው ዓመት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደርሶ ነበር፤ ይህም ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል። እርከኑ የተሠራው ለድኻው እንዲራራ ነው። ነገር ግን አራት ቤተሰብ በአንድ ቈጣሪ ሲጠቀም ቈጣሪው አራት ድኾችን አያውቅም፤ አንድ ባለጸጋ ብቻ ያያል። 7 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁት መሪጌታ የራሳቸው ቈጣሪ ቢኖራቸው ከመጀመሪያው እርከን ባልወጡ ነበር፤ በጋራው ቈጣሪ ግን ከ400 በላይ ወደሆነው እርከን ከሌሎቹ ጋራ ይወጣሉ። ለድኻ ተብሎ የተደረገው ርኅራኄ ሳይደርሰው በመንገድ ይቀራል።

እንግዲህ ወይዘሮዋን እንወቅሳቸው ዘንድ ይገባልን? አይገባም። እርሳቸው የሚሠሩት የተከበረ ሥራ ነው፤ ማንንም ለመበደል አላሰቡም። ይልቁንም አለማወቁ እርሳቸውንም ይጐዳል። በቀን 3 ሰዓት ሲጋግሩ ምጣዱ እስኪግል አንድ ሩብ ሰዓት ቢያልፍና አንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ቢወስድ በቀን 55፥ በ20 ቀን 1,100 እንጀራ ይጋግራሉ። የምጣዳቸው የወር ድርሻ ወደ 1,090 ብር ስለ ሆነ እያንዳንዱ እንጀራ የአንድ ብር ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል። ይህን አንድ ብር ከጤፉና ከድካማቸው ጋራ ካልደመሩ ዋጋቸውን በስሕተት ይተምናሉ፤ ንግዳቸውም የቆመው በጎረቤት ገንዘብ ላይ ስለ ሆነ መሪጌታው ግቢውን ለቅቀው የወጡ ቀን ይናጋል። ጎረቤቶቹ እኒህን እናት ለመርዳት ቢወዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዐውቀው ይርዷቸው። ሰጪው ሳያውቅ የተወሰደ ገንዘብ ምጽዋት አይባልም፤ ዋጋም ምስጋናም የለውም።

ስለ ቍጠባውም አንድ ቃል እንጨምር። ምጣድ ከመጋገሩ በፊት እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ባዶውን ይነዳል፤ ይህ በእያንዳንዱ ጊዜ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት በመጋገር ፈንታ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር ስምንት ማጋል ይተርፈዋል፤ እርሱም 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እነሆ፥ የመሪጌታው የወር ብርሃን፥ ራዲዮና ስልክ ሁሉ ከዚህ ይገኛል። ሁለት ጎረቤቶችም በአንድ ቀን ተከታትለው በአንዱ የጋለ ምጣድ ቢጋግሩ ትርፉ ለሁለቱም ነው። አበው መጥኖ መደቆስን ያስተማሩት ለወጥ ብቻ አይደለም።

ይህ የአንድ ግቢ ነገር ትንሽ ቢመስልም የአገር ነገር የሚጠራቀመው ከዚህ ነው። ኤሌክትሪክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከበራ ወዲህ አገራችን ከአባ ሳሙኤል ወደ ቆቃ፥ ከቆቃም ወደ ሌሎቹ ግድቦች እየተሻገረች መጥታ፥ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጉባ ተመርቋል። ይህ እጅግ ታላቅ ኀይል ነው። ነገር ግን ለ3,500 ዋት ብናካፍለው ግድቡ በሙሉ ኀይሉ ቢሠራ እንኳ ባንድ ጊዜ የሚያግለው 1,470,000 ያህል ምጣድ ነው። በበዓል ዋዜማ በየቤቱ ምጣድ ሁሉ ባንድ ሰዓት ሲነሣ በየሰፈሩ ሽቦና ትራንስፎርመር ላይ የሚወድቀው ሸክም ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ግድብ የሚሠራው በሺህ ቶን ሲሚንቶ ቢሆንም የሚያልቀው በየቤቱ በሚከፈተው ማብሪያ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ይህ ነው። በአንድ ቈጣሪ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች በየወሩ መባቻ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድነት ቍጥሩን ያንብቡ፤ ቀኑንና ንባቡን በወረቀት ጽፈው በግቢው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ከዚያም እያንዳንዱ ቤት የዕቃውን ዝርዝርና የሚሠራበትን ሰዓት በግልጥ ይናገር፤ ግምቱም ተደምሮ በቈጣሪው ይመርመር፤ ገንዘቡ በድርሻው ይካፈል። ቋሚው የአገልግሎት ክፍያ ግን በፍጆታ የሚለካ ስላልሆነ በየቤቱ እኩል ቢካፈል ፍርድ ነው። ዐቅም ያለው ባለቤትም በየክፍሉ ትንሽ ቈጣሪ ቢያስገባ ክርክሩን ሁሉ ያስቀራል።

በሥልጣን ላይ ያላችሁም፥ አንድ ተከራይ ወይም አንድ አከራይ ለየቤቱ የተለየ ቈጣሪ ይሰጠኝ ብሎ ሲያመለክት ልመናውን እንደ ምቾት ፍለጋ አትመልከቱት፤ ሕግ ለድኻ ያሰበውን ርኅራኄ ወደ ድኻው ቤት የሚያደርሰው በር እርሱ ነውና። ካህናትም በየሰፈሩ የንስሐ ልጆቻችሁን ለማስታረቅ ስትጠሩ የጠቡ ምክንያት የመብራት ሒሳብ ሆኖ ብታገኙት፥ ይቅር ተባባሉ ከማለት አስቀድማችሁ የቈጣሪውን ንባብና የዕቃውን ዝርዝር አስመጡ። አበቅቴና መጥቅዕን 30 እስኪመጣ ድረስ የሚደምር እጅ ይህንም ለመደመር አይሰንፍም። ሒሳቡ ከቀና ብዙው ጠብ ዕርቅ ሳያስፈልገው ይቀራል፤ መሪጌታውም በማታው መብራት መጽሐፋቸውን ሲያነቡ የከፈሉት ያበሩትን ብቻ መሆኑን ዐውቀው ያነባሉ።